ጣና ላይ ላለች ትንሽ ጀልባ የቱ ሸራ ይሻላል? የነበረው ባለ ሦስት ማዕዘን፣ ሉግ ወይስ የቻይናው ጃንክ

ባህር ዳር ውስጥ ባለ ሸራ ጀልባ ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፣ ያለውም ሰው ሸራው ያረጀ ወይ ምሰሶውን የሚወጥረው ሽቦ የተበጠሰ ቀን ግራ ይገባዋል ምክንያቱም ያን ዕቃ እንደ ሌላው ገበያ ወጥተህ የምትገዛው አይደለም። ያኔ ሦስት መንገድ ነው ያለህ፣ የነበረውን እንደነበረ ጠጋግነህ መቀጠል፣ ወይ ሉግ ወደሚባለው ቀላል ሸራ መዞር፣ ወይ ደግሞ ጀልባዋን የቻይናዎቹን ጃንክ ሸራ ማልበስ። ሸራውን አውልቆ ሞተር መግጠም አራተኛው ነው፣ እሱንም ወደ ኋላ እነካዋለሁ። እኔ የመጀመሪያውንና ጃንኩን በራሴ ጀልባ ላይ ኖሬባቸዋለሁ፣ ሉጉን ደግሞ በጓደኛዬ ትንሽ ጀልባ ላይ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ የምጽፈው ከዚህ በመነሳት ነው።

የእኔዋ 5 ሜትር ናት፣ ከኮምፔንሳቶ ተሠርታ ላይዋን ፋይበር የለበሰች። ስገዛት ባለ ሁለት ሸራ ነበረች፣ ትልቁ ከምሰሶው ኋላ ትንሹ ከፊት፣ ቤርሙዳ የሚባለው ዓይነት ነው፣ ፎቶ ላይ የምታዩት ነጭ ሦስት ማዕዘን ሸራ አብዛኛው እሱ ነው። አንድ የጥቅምት ቀን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ከዘጌ ስንመለስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነፋሱ ድንገት በረታብን፣ ሸራውን ላውርድ ብዬ ገመዱን ብለቀው አልወርድም አለ፣ ለካ ምሰሶው ጫፍ ላይ ካለችው ፑሊ ወጥቶ ጎኗ ላይ ተሰንቅሮ ኖሯል። ወንድሜ የሸራውን መያዣ ገመድ በሁለት እጁ ሙጭጭ አድርጎ ይዞ ነበር፣ ገመዱ ሲያመልጠው የመዳፉን ቆዳ ገሽልጦት ሄደ፣ የታችኛው ዘንግ ደግሞ ከግራ ወደ ቀኝ ሲወረወር ፀጉሬን ነክቶኝ ነው ያለፈው። በመጨረሻ ነፋሱ ራሱ ገፍቶ ገፍቶ ደንገል ውስጥ ከተተንና ተረፍን። እቤት ስንገባ እናታችን የወንድሜን እጅ እያጠበች አንዲት ቃል አልተናገረችኝም፣ ከቁጣዋ ይልቅ ዝምታዋ ነው እስካሁን የሚሰማኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሸራ ስመርጥ መጀመሪያ የምጠይቀው ብቻዬን ብሆን በአንድ እጄ ቶሎ ይወርድልኛል ወይ የሚለውን ነው፣ ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

እንግዲህ ሸራውን ከማየታችን በፊት ውሃውን እንየው። ጣና ከባህር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ግን ጥልቀቱ በአማካይ ከ8 እስከ 9 ሜትር ብቻ የሆነ ሐይቅ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲነካው ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፣ ትንሽ ጀልባን ቶሎ ቶሎ ነው የሚመታት፣ ምሰሶም ሽቦም የሚጎዳው በዚህ ንቅናቄ ነው። ሁለተኛው ነገር የነፋሱ ሰዓት ነው። ሌሊት የብሱ ከውሃው ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ስለዚህ ንጋት ላይ ቀዝቃዛው አየር ለስለስ ብሎ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል፣ ከቀትር በኋላ ግን የብሱ ስለጋለ አየሩ ከሐይቁ ወደ የብስ ይገለበጣልና እኛ ደቡብ ጫፍ ላይ ላለነው ነፋሱ ከሰሜን ይመጣል፣ ብርታቱም ያኔ ነው። እንጨት ጭነው ከዘጌ የሚመጡት ባለ ታንኳዎች ለምን ገና ሳይነጋ እንደሚነሱ ጠይቃችሁ ከሆነ መልሱ ይኸው ነው፣ ታንኳ ከሰዓት ነፋስ ጋር አይታገልም።

ይህ ለሸራ ምርጫ ምን ማለት ነው? ከባህር ዳር ወደ ዘጌ ወይም ወደ ክብራንና እንጦስ ንጋት ላይ ወጥተህ ከሰዓት የምትመለስ ከሆነ ስትሄድም ስትመለስም ነፋሱ ከኋላህ ነው። ስለዚህ ወደ ነፋሱ ጠጋ ብሎ መሄድ የሚባለው፣ ቤርሙዳን በዓለም ላይ ያነገሠው ችሎታ፣ ለዚህ መንገድ ብዙም አያስፈልግህም። ከኋላ በሚመጣ ነፋስ ጊዜ ደግሞ ቤርሙዳ አደገኛ ጎኑን ነው የሚያሳይህ፣ ትልቁ ሸራ በሙሉ ከምሰሶው ኋላ ስለሆነ ነፋሱ በሌላው በኩል የያዘው ጊዜ ዘንጉ እንደ ዱላ ነው የሚወረወረው።

ግን ለቤርሙዳ ሚዛናዊ እንሁን። ወደ ነፋሱ ሲኬድ ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ማንም ባለ ሸራ ጀልባ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ በቀጥታ አይሄድም፣ ዚግዛግ እየሠራ ነው፣ ቤርሙዳ ከነፋሱ 45 ዲግሪ ያህል ተጠግቶ ይሄዳል እንበል፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደፊት ለመድረስ 14 ኪሎ ሜትር ትጓዛለህ። ጠፍጣፋ ተደርጎ የተሰፋ ጃንክ ግን 55 ዲግሪ ላይ ከሄደ ለዚያው 10 ኪሎ ሜትር ከ17 በላይ ያስኬድሃል። ይህ ትንሽ ልዩነት አይደለም፣ ከሰዓት በኋላ ከባህር ዳር ተነስቶ ወደ ደቅ ወይ ወደ ጎርጎራ አቅጣጫ መውጣት የሚፈልግ ሰው ይመታበታል። ሽቦህ ያልዛገ፣ ሸራህ ያልሳሳ፣ ሁልጊዜ አብሮህ የሚወጣ ሰው ካለህ ደግሞ ለምን ትቀይረዋለህ፣ ተወው፣ የምሰሶውን ጫፍ ፑሊ ብቻ በየዓመቱ አውርደህ እይ።

አሁን ወደ ጃንኩ። ቻይናዎች ለብዙ መቶ ዓመታት የነገዱበትና ዓሣ ያጠመዱበት ሸራ ነው። ሸራው ከዳር እስከ ዳር በተዘረጉ አግዳሚ ቀርከሃዎች በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፣ ከላይ አንድ ጠንካራ ዘንግ ከታች አንድ ዘንግ፣ በመሃል አራት አምስት ቀርከሃ። ከሸራው ስፋት ከ10 እስከ 15 በመቶው ከምሰሶው ፊት ይወጣል፣ የቀረው ከኋላ ነው፣ ያቺ የፊቷ ቁራጭ ናት ሸራው ሲገለበጥ ኃይሉን የምትቀንሰው፣ እንደ በር ማጠፊያው ጠርዙ ላይ ሳይሆን ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ሲሆን በሩ እንደማይወረወረው ማለት ነው። ምሰሶው ሽቦ የለውም፣ እንደ ተተከለ ዛፍ እግሩ ጀልባዋ ወለል ውስጥ ገብቶ፣ ወገቡ ደግሞ በላይኛው ወለል ተይዞ ብቻውን ይቆማል። መያዣ ገመዱ አንድ ቦታ ላይ ሳይሆን በየቀርከሃው ጫፍ ስለሚታሰር ጭነቱ ይከፋፈላል፣ ለዚህ ነው የሸራው ጨርቅ ያን ያህል ጠንካራ መሆን የማያስፈልገው፣ አንዱ ክፍል ቢቀደድ እንኳ ቀዳዳው ቀርከሃው ጋ ሲደርስ ይቆማል አንተም በቀረው ትመለሳለህ።

ምዕራባውያኑ ሸራውን በቁም ነገር ያዩት ብሎንዲ ሃስለር የሚባል ጡረታ የወጣ እንግሊዛዊ የባህር ኃይል ወታደር ጄስተር የምትባል 7.6 ሜትር ጀልባውን በዚህ ሸራ አልብሶ በ1960 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው ብቻውን አትላንቲክ ውቅያኖስን የሚያቋርጥበትን የመጀመሪያውን ውድድር በ48 ቀን ሲጨርስ ነው። ያሸነፈው ፍራንሲስ ቺቸስተር ነው፣ 40 ቀን ፈጅቶበት፣ ግን በጣም በምትበልጥ ጀልባ። እኔን የያዘኝ ሁለተኛ መውጣቱ አይደለም፣ ሃስለር ሸራውን የሚያነሳው የሚያወርደው ከጀልባዋ መሃል ካለች ክብ መውጫ ብቅ ብሎ መሆኑ ነው፣ ወደ ፊት እየዳኸ መሄድ የለ፣ ማዕበል ላይ ቆሞ ሸራ መጎተት የለ።

ይህን በራሴ ያየሁት ቀን አይረሳኝም። ከሰዓት በኋላ ከዘጌ ስመለስ ያው ነፋስ መጣ፣ ውሃው ከሩቅ ጠቆረ፣ እንደተቀመጥኩ አንዱን ገመድ ከተጠመጠመበት ፈታ አደረግኩለት። የላይኛው ክፍል በራሱ ክብደት ወረደ፣ ቀርከሃው ከስሩ ባለው ቀርከሃ ላይ ቀስ ብሎ አረፈ፣ ጠቅ የምትል ድምፅ ብቻ፣ ከግራና ቀኝ ያሉት ደጋፊ ገመዶች እንደ እቅፍ ያዙት። አንድ ክፍል። ነፋሱ ጨመረ፣ ሌላ ክፍል። ሦስተኛውን ሳወርድ ጀልባዋ ቀና አለች፣ ወንድሜ ዳቦውን እየበላ ነበር፣ መብላቱን አላቆመም። በሁለት እጥፍ የበረታ ነፋስ አራት እጥፍ እንደሚገፋ አስቡ፣ ሸራን ቶሎ ማሳነስ መቻል ማለት ያን አራት እጥፍ ሳይደርስብህ መቅደም ነው።

እሺ ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? ምሰሶው እግር ላይ። ጃንክ ለመግጠም ያሰበ ሰው ሁሉ ስለ ሸራው ነው የሚያስበው፣ ሥራው ግን ከሸራው ሥር ነው ያለው። ስሌቱን ቀለል አድርጌ ላስቀምጠው፣ ነፋሱ ሸራውን በ40 ኪሎ ኃይል ገፋው እንበል፣ የሚገፋበት ነጥብ ደግሞ ከላይኛው ወለል 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው። ምሰሶው ከላይኛው ወለል ወደ ታች የተቀበረው 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ እግሩ 200 ኪሎ ወደ ጎን ይገፋል፣ ወገቡ ላይ ያለው መያዣ ደግሞ 240 ኪሎ ይሸከማል። የተቀበረው 25 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ እግሩ 400፣ ወገቡ 440 ይሆናል። ጭነቱ ያው፣ ነፋሱም ያው፣ የተለወጠው ጥልቀቱ ብቻ ነው። እኔ መጀመሪያ ስገጥም የመቀመጫውን ሳንቃ እንደ ወገብ መያዣ ተጠቀምኩ፣ ቀብሩም፣ ማለትም ከላይኛው ወለል በታች የተቀበረው የምሰሶው ክፍል፣ አጭር ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ቋ ብሎ ተሰነጠቀ። ደግነቱ ባህር ዳር ዳርቻ ላይ ነበርኩ። አሁን ያለው ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ ነው፣ በረጃጅም ቡሎን ታስሮ ከሥሩም ጉልበት የሚሆን ማዕዘን የገባለት፣ የእግሩ መቀመጫ ደግሞ በጀልባዋ ርዝመት ሄዶ ሦስት አጥንቶቿ ላይ የሚያርፍ ነው። ቀብር ከምሰሶው ሙሉ ርዝመት ከአስር አንድ እጅ በታች እንዳይሆን፣ 5.5 ሜትር ምሰሶ ቢያንስ 55 ሴንቲ ሜትር ይፈልጋል፣ ከተቻለ ጨምሩበት።

የምሰሶው ቦታም ይቀየራል፣ የድሮው ቀዳዳ አይሆንም። የድሮ ሸራህን መሬት ላይ ዘርግተህ ከእያንዳንዱ ማዕዘን ወደ ትይዩው ጎን መሃል ሲባጎ ወጥር፣ የሚገናኙበት የሸራው መሃል ነው፣ ሁለት ሸራ ካለህ የሁለቱን መሃል አገናኝተህ ወደ ትልቁ ጠጋ አድርገው። የጃንኩ መሃል ከዚያ ነጥብ ጋር በአንድ ቁመት እንዲወድቅ ነው የምትፈልገው፣ አለዚያ ጀልባዋ ሁልጊዜ ወደ አንድ በኩል እየዞረች መሪ ይዘህ ትታገላለህ። 2.6 ሜትር ስፋት ያለው 10 ካሬ ሜትር ሸራ 30 ሴንቲ ሜትሩ ከምሰሶው ፊት ከወጣ ምሰሶው ከሸራው መሃል 1 ሜትር ያህል ወደ ፊት ይሄዳል ማለት ነው። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ደግሞ ጀልባዋ ትጠባለች፣ ወለሏም ወደ ላይ ይነሳል፣ ቀብሩ ያጥራል። ብዙ ትንንሽ ጀልባ ጃንክ የማይሆንላት እዚህ ጋ ነው፣ ሜትር ይዘህ ቀድመህ ለካ፣ እንጨት ከቆረጥክ በኋላ ማወቁ አይጠቅምም።

ደስ የሚለው ነገር ግን ዕቃው ጎጃም ውስጥ ሞልቷል። ቀርከሃ ካልክ እንጅባራ አለልህ፣ የአዊ ደጋ ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ቀላል ነው፣ ለአግዳሚዎቹ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ይበቃል። ሦስት ዓመት ያለፈው የበሰለው፣ በበጋ የተቆረጠው ይሁን፣ ለጋው ስኳርና ስታርች ስላለው ነቀዝ ይገባዋል፣ ጥላ ሥር አቁመህ አድርቀው። በመሰርሰሪያ አትብሳው፣ ከቀዳዳው ጀምሮ ነው የሚሰነጠቀው፣ ማሰሪያውን አንጓው አጠገብ በሲባጎ ጠምጥምበት። ለላይኛው ዘንግ ከመተከል በኩል የሚመጣው ሽመል ይሻላል፣ ውስጡ ድፍን ስለሆነ ይከብዳል ግን ሸራው ሁሉ የሚንጠለጠለው እሱ ላይ ነው። ለምሰሶ እኔ ባህር ዛፍ ነው የተጠቀምኩት፣ ላይኛው ወለል ጋ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ ወደ ጫፉ የሚቀጥን፣ ጠንካራ ነው ግን ቶሎ ከደረቀ ይሰነጠቃል ይጣመማልም፣ ክብደቱም ላይ ይሆንብሃል፣ ቀጥ ያለና ጉጥ ያልበዛበት የፈረንጅ ጥድ ብታገኝ እሱን ውሰድ።

ጨርቁን የመኪና ሸራ የሚሰፉት ልጆች ይሰፉልሃል። ወፍራሙን የጭነት መኪና ሸራ አትምረጥ፣ ሲርስ ይከብዳል። ቀለል ያለው የላስቲክ ሸራ ለመሞከሪያ ጥሩ ነው፣ የኛ ፀሐይ ግን ቶሎ ይበላዋል፣ ቅርጹን በርካሽ ሸራ ሞክረህ ከወደድከው በኋላ ደህና ፖሊስተር ጨርቅ ላይ ገንዘብህን አውጣ። እያንዳንዱ ክፍል ጠፍጣፋ እንዳይሆን የላይና የታች ጠርዙ ትንሽ ጎበጥ ተደርጎ ይቆረጥ፣ 2.6 ሜትር ስፋት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ሆድ ቢኖረው ወደ ነፋሱ አካሄዱ በጣም ይሻሻላል፣ ቅድም ያልኩት የ17 ኪሎ ሜትር ነገርም ይቀንሳል። ቀርከሃው ምሰሶውን የሚነካበት ቦታ ሁሉ የለፋ ቆዳ አልብሰው፣ ያለዚያ በጥቂት ወር ውስጥ ተፋፍቆ ያልቃል። ገመድ ደግሞ ከምታስበው በላይ ይፈጃል፣ ማንሻው ብቻ በሦስት ዙር ፑሊ ከሆነ ሸራውን 4 ሜትር ለማንሳት 12 ሜትር ገመድ ትስባለህ፣ መያዣው በየቀርከሃው ስለሚዞር ከዚያም ይበልጣል፣ እግርህ ሥር የገመድ ክምር መኖሩን ልመደው።

ሉግን በአጭሩ ላንሳ። አንድ አጭር ምሰሶ፣ ከላይ አንድ ዘንግ ከታች አንድ ዘንግ፣ አራት ማዕዘን ሸራ፣ ሁለት ገመድ፣ በቃ። ከ4 ሜትር በታች ለሆነች ክፍት ጀልባ ከጃንክ ሉግን እመርጣለሁ፣ ቀብሩ ለማይበቃት ጀልባም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ምሰሶው አጭር ስለሆነ ጭነቱ ዝቅ ይላል። ሲወርድ ቶሎ ነው የሚወርደው፣ ግን ጠቅላላ ዘንጉ ከነጨርቁ ጭንህ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ማሳነስ ስትፈልግም ቁጭ ብለህ አንድ በአንድ ማሰር አለብህ፣ ነፋስ መጥቶብህ እያለ ያ ጊዜ ረጅም ነው። የኛው ዓባይ ግብፅ ሲደርስ ፈሉካዎቹ የሚጠቀሙበትን ላቲን የሚባለውን ረጅም ዘንግ ያለው ሸራ የሚጠይቁኝም አሉ፣ ያማረ ነገር ነው፣ ግን ሸራውን ለመጠቅለል ሰው ዘንጉ ላይ ይወጣል፣ ለ5 ሜትር ጀልባ አልመክረውም።

ሞተርስ? ለሚቸኩልና ሰው ለሚጭን ሞተር ነው፣ አልከራከርም። ግን ቤንዚን ፍለጋ የሚዋለውን ቀን ታውቁታላችሁ፣ እምቦጭ ፕሮፔለር ላይ ሲጠመጠም ደግሞ ሞተሩን አጥፍተህ በእጅ ነው የምትፈታው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባህር ጠለሉ አየር ከ15 እስከ 20 በመቶ ስለሚሳሳ ሞተሩም ያን ያህል ጉልበት ያጣል። ሸራም ከዚህ አያመልጥም፣ በተመሳሳይ የነፋስ ፍጥነት የሚገፋው ያንሳል፣ ስለዚህ ከውጭ አገር የተሠራ ፕላን ካገኘህ ሸራውን ከተጻፈው ላይ ከአስር አንድ እጅ ያህል ጨምርበት፣ በጃንክ ላይ ሸራ መጨመር አያስፈራም፣ ከበዛብህ አንድ ክፍል ታወርዳለህ።

እንግዲህ እኔ ብሆን ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ፣ 5 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነች፣ ፊቷ ላይ ግማሽ ሜትር ከምናምን ጥልቀት ያላት ጀልባ ኖሮኝ ብቻዬን ወይ ከልጆች ጋር የምወጣ ከሆነ ያለ ጥርጥር ጃንክ ነው የማለብሳት። ጀልባዋ ትንሽ ከሆነች ሉግ። ቁንዝላና ደልጊ ድረስ ከነፋስ ጋር እየተጋፋሁ ሩቅ የምሄድ፣ ጠንካራ አጋር ያለኝ፣ ዕቃዬም ደህና ከሆነ ቤርሙዳዬን አልነካትም። የትኛውንም ብትመርጡ ላይፍ ጃኬት አይቅር፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ደግሞ ራቅ ብላችሁ እለፉ፣ ሸራ ድምፅ ስለሌለው ጉማሬ መምጣታችሁን አይሰማም፣ በመቅዘፊያው የጀልባዋን ጎን እያንኳኳችሁ ሂዱ።

አንድ የረሳሁት፣ የምሰሶው እግር የሚገባበት መቀመጫ ሥር ውሃ የሚወጣበት ቀዳዳ ይኑረው። ክረምት ላይ ዝናብ ምሰሶውን ተከትሎ እዚያ ይጠራቀማል፣ እንጨቱም ከታች ነው የሚበሰብሰው፣ ከላይ ስታየው ግን ምንም አይታወቅም። እኔ በየዓመቱ መስከረም ላይ ምሰሶውን ነቅዬ እግሩን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አደርገዋለሁ፣ ቢላው ከገባ ምሰሶው አልቋል፣ ካልገባ ቫርኒሽ ቀብቼ እመልሰዋለሁ።